ሁለት ፊደል

ቤቱ ሙዚየም ሆኗል፤ ትኬት ይቆረጣል፤
አስጎብኚው ወጣት ከደጅ ይቀበላል፤
ከግድግዳው ሦስት ሴት ቆጥሮ ያሳያል፤
«ቦያንስኪን የሠሩት እነዚህ ናቸው» ይላል።
እኔ ከኋላ ነኝ፣ ዱላዬን ይዤ፣
ትኬቴን እንደ ልጅ በጣቴ ጠምዝዤ።

ራድካ እባላለሁ፤ የፕሎቭዲቭ ልጅ ነኝ፤
ዶሮ የጫረውን ጽሕፈቱን ሲሰጠኝ፣
ፈትቼ፣ አንብቤ፣ በጽሕፈት መኪና
ዐሥራ አንዱን መጽሐፍ የገለበጥኩ ነኝና፣
ከግድግዳው ይልቅ እኔን ጠይቁና።

መጀመሪያ ጽቬታ፣ የፋርማሲው ልጅ፤
ቃል ከአፏ አይወጣም፣ ሦስቴ ሳይመታ ደጅ።
እሱ ሃያ ሁለት፣ እሷ ዐሥራ ዘጠኝ፤
መንተባተቧን ነው የወደደው መሰለኝ።
ከእሷ በፊት ብዕሩ እንደ ማሪጻ ወንዝ
ሞልቶ፣ ደለል ይዞ፣ ሳያርፍ የሚጓዝ፤
ከእሷ በኋላ ግን አጠረ፣ ቆረጠ፣
በየነጥቡ ቆሞ ትንፋሽ አዳመጠ።
ሀያሲያን ጻፉ፦ «አዲስ ስልት ፈጠረ»፤
ስልት ያሉት የአንዲት ልጅ ምላስ ነበረ።
በወይን ለቀማ ወር ጥሏት ሄደ፣ ተዋት፤
መጽሐፉ ሲታተም ገዝታ አነበበችው፤
ስሟን ፈልጋ አጣች፤ ድምጿን አገኘችው።

ኤቭዶኪያ ደግሞ፣ የዳኛው ባለቤት፤
በትንባሆ መጋዘን፣ በዚያ ጨለማ ቤት፣
ሐሙስ ሐሙስ ማታ፣ ከነዶው መካከል፤
የበረዶ ክረምት፣ መብራት አይቀጣጠል።
ከዚያ ወዲህ ድርሰቱ ትንባሆ ይሸታል፤
ገጸ ባሕርይ ሁሉ ሐሙስ ቀን ይሞታል።
አንድ ምሽት ለውዝ በጥርሷ እየፈለጠች፣
«የተዋሱት ካፖርት ያሞቃል፣ ያሳቅቃል» አለች።
እሱ ሰማ፣ ዝም አለ፣ ሌሊት ሄዶ ጻፈው፤
ለሚሞት ጄኔራል አፍ ላይ አኖረው።
ጥቅሱ በየተማሪው ደብተር ላይ ዛሬ አለ፤
እሷ መቃብር ላይ ሣር ብቻ በቀለ።
ግን ልናገር እንጂ፣ ይሄስ አይቀርባትም፦
የመለያያውን ደብዳቤ አልቀደደችም፤
መልሳ ላከችለት፣ ሳትጨምር አንዲት ቃል፣
የፊደል ስሕተቱ በቀይ ቀለም ታርሟል።

ሦስተኛዋ ካሊና። ስለ እሷ አልጨምርም፤
ቫርና ናት፣ በሕይወት፤ ሰው ፊት አላሳፍርም።

አስጎብኚው ቀደመ፤ እኛም ተከተልነው፤
አንዲት ጠባብ በር ከፍቶ፣ «ይሄ ወጥ ቤት ነው»
ብሎ ሊዘጋው ሲል፦
ቆይ ልጄ፣ አትዝጋው።

እዚህ ስቶያንካ አለች። ሠላሳ አምስት ዓመት
ኮክ አድርቃ ለክረምት፣ ዕዳ ከፍላ ለከሰል ቤት፣
እሱ የሚጽፍበትን ክፍል ያሞቀች ሚስት።
ዐሥራ አንዱም መጽሐፍ ላይ ስሟ አልተጠራም፤
ግድግዳው ላይ እንኳን ምስማር አልተረፋትም።
እኔ ግን ቆጥሬአለሁ፤ ሥራዬ ነውና፦
በየመጽሐፉ ውስጥ አንድ የሌሊት ጎዳና፣
አንድ መሽቶበት የሚመለስ፣ ወይን የሸተተ፣
ከሩቅ መስኮት ላይ መብራት፣ እየጠበቀ የጎለተ።
ማን እንደለኮሰው የትም ላይ አልጻፈም፤
እኔ በገለበጥኩት፣ አንዴም አልጠፋም።

በመጨረሻው ሥራው፣ ታሞ፣ ጣቱ ዝሎ፣
ባል ከደጅ ይቆማል ባርኔጣውን ጥሎ።
«ሚስቱም ይቅር አለችው።» እንዲህ ነው የጻፈው፤
ገጹን ከፊቴ ላይ ለሁለት ቀን አቆየሁት፤
በእኛ ቋንቋ «አይደለም» ሁለት ፊደል ናት፤
ጣቴ ሳላስበው ከመሃል ጨመራት።
(ዋሸሁ። ሳስባት ነው፣ ሳስባት ያደርኩባት።)
ወሰድኩለት። አነበበ። ብዙ ጊዜ ቆየ።
ከወጥ ቤት ሳህን ሲታጠብ ሰማ፤ መስኮቱን አየ።
እርሳሱን አነሳ፤ ቃሏን ሳይነካካ
ነጥቡን ብቻ አደመቀ፤
«ይታተም» አለኝ፣ «ራድካ።»